ሁድ፦ በሦስት ደቂቃ የጠፋችው መርከብ። ጥፋቱ የማን ነበር?

የናሆም_አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው፤ ታገሱኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ2016 ልጄን ይዤ ፖርትስመዝ ያለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሙዚየም ሄጄ ነበር። ያኔ ልጁ 8 ዓመቱ ነው። መርከብ ካየ ምግብም አያምረው። ስንት መድፍና ስንት መርከብ ባለበት ግቢ እሱን አላንቀሳቅስ ያለው አንድ ደወል ሆነ። «አባዬ፣ ይሄ ከባሕር ሥር ነው የወጣው?» አለኝ። አዎ፣ ከ2,800 ሜትር ገደማ ጥልቀት። 74 ዓመት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ በ2015 ነው ያወጡት። ደወሉ የሁድ ነው።

ሁድን ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። የእንግሊዝ የጦር መርከብ ናት። የተሠራችው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ክላይድባንክ በምትባል ከተማ፣ ጆን ብራውን የተባለ መርከብ ሠሪ ዘንድ ነው። በ1918 ውኃ ላይ ወረደች። በ1920 ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 262 ሜትር ነው፤ ሁለት የኳስ ሜዳ ብትቀጥሉ አይደርስባትም። 8 ትልልቅ መድፎች ነበሯት። የአንዱ መድፍ አፍ 38 ሳንቲሜትር ይሰፋል። ጭነቷን ስትሞላ 47,000 ቶን ገደማ ትመዝን ነበር። እንዲያም ሆና በጉብዝናዋ ጊዜ በሰዓት ከ57 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች።

ለ20 ዓመት ያህል በዓለም ላይ ከሷ የሚበልጥ የጦር መርከብ አልነበረም። በ1923 ተነስታ ዓለምን ዞረች፤ ኬፕታውን፣ ዛንዚባር፣ ሲንጋፖር፣ አውስትራሊያ፣ ካናዳ። በደረሰችበት ወደብ ሁሉ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። እንግሊዞች «ኃያሏ ሁድ» ነበር የሚሏት።

ከዚያ ሜይ 24 ቀን 1941 መጣ። በእኛ ግንቦት 16 ቀን 1933። በግሪንላንድና በአይስላንድ መሃል፣ የዴንማርክ ሰርጥ በሚባለው ባሕር ላይ ከጀርመኗ ቢስማርክ ጋር ገጠመች። ተኩሱ የተከፈተው ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊሆን 8 ደቂቃ ሲቀረው ነው። 12 ሰዓት ገደማ ላይ ሁድ ፈነዳች፣ ለሁለት ተሰበረች። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ባሕሩ ላይ አልነበረችም። 1,418 ሰው ይዛ ነበር። የተረፉት ሦስት ናቸው። ሦስት ብቻ።

ልጄ አሁን አድጓል። ስለ ሁድ የሚጽፈው የትምህርት ቤት ወረቀት አለበት። ማታ ማታ ስንከራከር ነው የምናመሸው። እሱ «ዕድል ነው፤ አንድ ጥይት ቀኗን አገኘ» ይላል። እኔ አልዋጥልህ አለኝ። ላይኛው ወለሏ ስስ መሆኑን ባሕር ኃይሉ ገና ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ሊያድሳትም አስቦ ነበር። ግን ሁሌ ትፈለጋለች። ሁሌ ባንዲራ ይዛ ትዞራለች። ሁሌ «ለከርሞ» ይባላል። ትልቁ እድሳት ለ1941 ተያዘላት። በዚያው ዓመት ሰመጠች። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ከጥገና ያስቀራት ዝናዋ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እናንተስ?

መካኒክ_ነኝ

የናሆም አባት፣ ጥሩ ርዕስ ከፈትክ። የብረቱን ነገር ለእኔ ተወው፤ ሙያዬ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ሁድ ከመሠራቷ በፊት ነው። ሜይ 31 ቀን 1916፣ ጁትላንድ በተባለው ውጊያ እንግሊዝ በአንድ ቀን ሦስት ባትልክሩዘሮች አጣች፦ ኢንዲፋቲጌብል፣ ኩዊን ሜሪ፣ ኢንቪንሲብል። ሦስቱም ፈንድተው ነው የጠፉት። ባትልክሩዘር ማለት መድፉ ከባድ፣ ሩጫው ፈጣን፣ ለሩጫው ሲባል ግን የብረት ልባሱ የሳሳ መርከብ ነው። ሁድም የታቀደችው እንደዚያ ሆና ነበር።

ከጁትላንድ በኋላ ንድፏን እንደገና አውጥተው ብረት ጨመሩባት። 5,000 ቶን ገደማ። ጎኗ በደንብ ጠነከረ። የቀረው ጣራዋ ነው። ከቅርብ የተተኮሰ ጥይት ጎን ይመታል። ከሩቅ የተተኮሰ ግን ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድንጋይ ወደ ላይ ወርውረህ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ እንደሚያርፈው። ያኔ ግድግዳህ ምን ቢወፍር ምንም አይፈይድህም። የሁድ ጣራ ደግሞ እንደ አንድ ወፍራም ክዳን የተሠራ አልነበረም። በየደርቡ የተከፋፈለ ስስ ስስ ብረት ነው።

የተጨመረው ክብደት ሌላም ጣጣ አመጣ። መርከቧ ከታሰበው በላይ ውኃ ውስጥ ዘቀጠች። ባሕሩ ሲናወጥ ማዕበሉ የኋላ ወለሏን ያጥበው ነበር። መርከበኞቹ «የባሕር ኃይላችን ትልቁ ሰርጓጅ» የሚል ስም አወጡላት።

ሦስት እህቶችም ታዝዘውላት ነበር፦ አንሰን፣ ሃው፣ ሮድኒ። ጦርነቱ ሲያልቅ ተሰረዙ። እህት የሌላት መርከብ ለጥገና ስትገባ ቦታዋን የሚይዝላት የለም። አንተ ያልከው «ለከርሞ» አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ግን አንድ ነገር ላርምህ። ሁድ በተመታች ሰዓት በመርከቦቹ መሃል የነበረው ርቀት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ርቀት ጥይት ያን ያህል ቁልቁል አይወርድም። ስለዚህ «ስስ ጣራዋ ገደላት» ብሎ መዝጋት አይቻልም። ነገሩ ከዚያ ይወሳሰባል።

የድሮ_ባሕረኛ

ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ስለ መርከብ በአማርኛ ሲወራ ከሰማሁ ዘመን አልፏል። እኔ በድሮው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል፣ ምፅዋ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። የሁድን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ፣ ካስተማሩን መኮንኖች አንደበት ነው።

ስለ አድሚራሉ ላውራ። ላንስሎት ሆላንድ ይባላል፤ በሁድ ላይ ሆኖ ሁለቱን የእንግሊዝ መርከቦች የሚመራው እሱ ነው። ብዙ ሰው ይፈርድበታል። መካኒኩ እንዳለው፣ ከሩቅ የሚወርድ ጥይት ለሁድ አደገኛ መሆኑን ሆላንድ ያውቃል። ስለዚህ ቶሎ መቅረብ ፈለገ። ቀጥ ብሎ ወደ ጠላት ገሰገሰ። እንዲህ ስታደርግ ግን ፊት ያሉት መድፎችህ ብቻ ናቸው የሚተኩሱት። የኋላዎቹ ጠላትን አያዩም። በግማሽ ጉልበትህ እየተዋጋህ፣ የሙሉ መርከብ ተኩስ ትቀበላለህ።

አብራው የነበረችው ፕሪንስ ኦቭ ዌልስ ገና አዲስ ናት። መድፎቿ በደንብ አልተፈተሹም። የፋብሪካ ሠራተኞች እላይዋ ላይ እየጠገኑ ነው ወደ ውጊያ የገባችው። ጀርመኖቹም ሁለት ነበሩ፤ ቢስማርክና ፕሪንዝ ኦይገን። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ፊት የምትሄደው ፕሪንዝ ኦይገን ነበረች። ሁድ ቢስማርክ መስላት መጀመሪያ የተኮሰችው በሷ ላይ ነው።

ሆላንድ በቂ ቀርቤያለሁ ሲል 20 ዲግሪ ወደ ግራ እንዲዞሩ አዘዘ፤ የኋላ መድፎቹም ይሥሩ ብሎ። የቢስማርክ አምስተኛ ተኩስ የደረሰው በዚያች ቅጽበት ነው። እኔ በሆላንድ አልፈርድም። ሌላ ምን ያድርግ? ከሩቅ ቢቆም ጣራው፤ ቢቀርብ ግማሽ መድፉ። የሚቀመጥበት ጥሩ ወንበር ያልተተወለት ሰው ነው።

ሞጋች_77

ሁላችሁም ታዝናላችሁ፤ እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሁድ ስናለቅስ ሁድ ያስለቀሰችውን ለምን እናልፋለን?

ጁላይ 3 ቀን 1940። አልጄሪያ፣ መርስ ኤል ኬቢር። ፈረንሳይ ለጀርመን እጇን ከሰጠች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም። እንግሊዝ የፈረንሳይ መርከቦች ጀርመን እጅ እንዳይገቡ ፈራች። ማስጠንቀቂያ ሰጠች፤ ድርድሩ ሳይሳካ ቀረ፤ ወደብ ላይ በቆሙት መርከቦች ላይ ተኩስ ተከፈተ። የዚያ የእንግሊዝ መርከቦች ጓድ አዛዥ አድሚራል ሶመርቪል ነው። የተቀመጠባት መርከብ ሁድ ናት። ብሬታኝ የተባለችው የፈረንሳይ የጦር መርከብ ፈንድታ ተገለበጠች። በድምሩ 1,297 ፈረንሳውያን ሞቱ። የትናንት ወዳጆች ናቸው።

ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ሁድ ራሷ በዚያው መንገድ ሄደች። እኔ ፍርድ ነው አልልም። ግን የሁድ ታሪክ ሲጻፍ ይሄም ይጻፍ።

የናሆም_አባት

ሞጋች፣ ልክ ነህ። ለልጄም ነግሬዋለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ይገባል። የሞቱት ልጆች ናቸው፣ የሁለቱም ወገን።

ጋሼ የድሮ ባሕረኛ፣ እንኳን ደህና መጡ። ስለ ሆላንድ ያሉት ልቤን ነካው። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

አስተማሪዋ

እኔ የታሪክ መምህርት ነኝ። ሁድን ከእኛ ጋር የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።

በ1935 ጣሊያን አገራችንን ልትወር ጦር ስታከማች፣ እንግሊዝ ሁድን ወደ ጂብራልታር ላከቻት። የሜዲትራኒያንን በር እንድትጠብቅ ነው። ኦክቶበር 1935 የሙሶሊኒ ጦር መረብን ሲሻገር በዓለም ትልቁ የጦር መርከብ ጂብራልታር ቆማ ነበር። እስቲ አስቡት። ማይጨው ከመድረሱ ስድስት ወር በፊት ነው።

ምን አደረገች? ምንም። እንድታደርግ አልታዘዘችም። የጣሊያን ወታደርና የጣሊያን መርዝ ጋዝ በስዊዝ ካናል በኩል ነው ያለፈው። ካናሉ እንግሊዝ እጅ ውስጥ ነበር፤ አልተዘጋም። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አልጨመረበትም። እንግሊዝ ከሙሶሊኒ ጋር መዋጋት አልፈለገችም፤ ወዳጅ አድርጋ ልታቆየው ነበር የምትመኘው።

ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል፤ «ካናሉን ቢዘጉት ጦርነቱ ይቆም ነበር?» ይላሉ። የጣሊያን ጦር በብዛት የሚመጣበት መንገድ እሱ ነበር። ዙሪያውን በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ መዞር የሳምንታት ጉዞ ነው። እኔ መዘጋት ነበረበት ባይ ነኝ፤ ያኔም የጃንሆይ መንግሥት ያለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሁድ ስትነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ዴንማርክ ሰርጥ ሳይሆን ጂብራልታር ነው።

ሃይፋ_ነዋሪ

አስተማሪዋ፣ በዚህ ላይ ልጨምር። የምኖረው ሃይፋ ነው። ጃንሆይ በሜይ 1936 ከጂቡቲ የወጡት ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። ያደረሰቻቸው እዚህ፣ ሃይፋ ነው። ከዚያ ኢየሩሳሌም ቆይተው ኬፕታውን በምትባል ሌላ የእንግሊዝ መርከብ ጂብራልታር ድረስ ሄዱ። ከጂብራልታር ወደ እንግሊዝ የተጓዙት ግን በተራ የመንገደኛ መርከብ ነው። ወደቡ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ያን ሁሉ መርከብ የያዘች አገር፣ ንጉሥ ለማሸሽ መርከብ አላጣችም።

አስተማሪዋ

ሃይፋ፣ ይህንን ነገ ክፍል ውስጥ እነግራቸዋለሁ። አመሰግናለሁ።

ሞጋች_77

እህቴ፣ ያልሽው ትክክል ነው። ግን ሁድ ላይ የነበረ የ18 ዓመት ልጅ የካናሉ ነገር አያገባውም። የወሰኑት ለንደን የተቀመጡት ናቸው።

አስተማሪዋ

ወንድሜ፣ ልጁን አልወቀስኩም። መርከቧን ነው ያነሳሁት። መርከብ ደግሞ የላኪዋ እጅ ናት። ያኔ የቆመችው በላኪዋ ትእዛዝ ነው፤ መርስ ኤል ኬቢር ላይ የተኮሰችውም በላኪዋ ትእዛዝ ነው። ያነሳኸው ነገርና የእኔ አንድ ነው።

ፀጥ_ያልኩ_አንባቢ

ሁሌ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን አላስቻለኝም። ሦስቱ ሰዎች እንዴት ተረፉ?

የናሆም_አባት

እነግርሃለሁ። ይሄን ክፍል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ሦስቱ ቴድ ብሪግስ፣ ቦብ ቲልበርንና ቢል ዳንዳስ ናቸው። ብሪግስ 18 ዓመቱ ነው። የምልክት ሠራተኛ ስለነበር አድሚራሉ ባለበት ክፍል ውስጥ ቆሟል። በኋላ ሲናገር፣ ትልቅ የፍንዳታ ድምፅ አልሰማሁም ይላል። መርከቧ መጀመሪያ ወደ ቀኝ አዘመመች፤ ተመለሰች፤ ከዚያ ወደ ግራ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ማንም «መርከብ ልቀቁ» ብሎ አላዘዘም። ማዘዝ አላስፈለገም። ሰው ዝም ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ ሲደርስ አንድ መኮንን ነበር። ኮማንደር ጆን ዋራንድ። የጓዱ የመንገድ መሪ መኮንን ነው። ገለል ብሎ ልጁን አስቀደመው። ብሪግስ ወጣ። ዋራንድ አልተረፈም። ዞር ብሎ ሲያይ አድሚራል ሆላንድ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ለመነሳት አልሞከረም።

ብሪግስ ውኃው ወደ ታች ጎተተው። ትንፋሹ አልቆ ተስፋ ሲቆርጥ ከሥር የመጣ ነገር ገፍቶ አወጣው። ምናልባት ከመርከቧ ያመለጠ አየር ነው። ሲወጣ የመርከቧን አፍንጫ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ቆሞ አየው። ሦስቱ ትንንሽ ታንኳ መሳይ ነገሮች ላይ ተንጠለጠሉ። ባሕሩ ብርድ ነው፤ እንቅልፍ ይጥላል፤ የተኛ አይነቃም። ዳንዳስ እንዳይተኙ እያዘፈነ አቆያቸው። ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይተው ኤሌክትራ የተባለች ዲስትሮየር (ፈጣን፣ አነስ ያለች የጦር መርከብ) ደረሰች። የኤሌክትራ ሰዎች በመቶ የሚቆጠር ቁስለኛ ሊቀበሉ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። ያገኙት ሦስት ሰው ነው።

ብሪግስ ከሦስቱ መጨረሻ፣ በ2008 አረፈ።

ፀጥ_ያልኩ_አንባቢ

አመሰግናለሁ። የዋራንድን ስም አልረሳም።

መካኒክ_ነኝ

ወደ ምክንያቱ ልመለስ፤ የናሆም ወረቀት ይሄን ይፈልጋል።

ሁለት አጣሪ ጉባኤ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ከመስመጧ በኋላ በቀናት ውስጥ ጨረሰ፤ ምስክሮቹ የተናገሩትን ቃል በቃል አልመዘገበም ተብሎ ተተቸ። ሁለተኛው በአድሚራል ዎከር ተመርቶ የ176 የዓይን ምስክር ቃል ወሰደ። ከሁድ ሁለት፣ የቀሩት ከፕሪንስ ኦቭ ዌልስና ከሌሎቹ መርከቦች። የደረሰበት ድምዳሜ፦ የቢስማርክ ጥይት የኋላ ጥይት መጋዘን ውስጥ ወይም አጠገቡ ፈነዳ፤ መጋዘኑ ተያያዘ፤ የመርከቧ ኋላ ተቆረጠ።

ክርክሩ ግን አላቆመም። ከትልቁ ፍንዳታ በፊት በላይኛው ወለል ላይ እሳት ነበር። እዚያ የተቀመጡ ትናንሽ ጥይቶችና ሮኬቶች እየተንጣጡ ነበር። ያ እሳት ነው የገደላት ያሉ አሉ፤ አጣሪው አልተቀበለውም። የመርከብ ግንባታ ኃላፊ የነበረው ስታንሊ ጉዳል ደግሞ ዓይኑ የነበረው ሁድ የራሷ በያዘችው ቶርፔዶ (ውኃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ላይ ነው። ጥይቱ በየት በኩል ገባ የሚለውም እስከ ዛሬ ያከራክራል። በጣራው ነው? በጎኗ ስሱ ክፍል በኩል ነው? ወይስ ከውኃ በታች?

በ2001 ዴቪድ ሚርንስ የተባለ የሰመጡ መርከቦች ፈላጊ ስብርባሪዋን አገኘ። እዚያ የታየው አንድ ነገር እኔን አስደነቀኝ። መሪዋ (ከኋላ ሆኖ መርከቧን የሚያዞረው ብረት) 20 ዲግሪ ወደ ግራ እንደዞረ ቀርቷል። ጋሼ የድሮ ባሕረኛ ያሉት የሆላንድ የመጨረሻ ትእዛዝ ማለት ነው። ከ60 ዓመት በኋላም ትእዛዙ ሲፈጸም እንደቆመ ተገኘ።

የናሆም አባት፣ ስለዚህ እኔ የምለው ይሄን ነው። ጥይቱ እዚያ ቦታ መውደቁ፣ ልጅህ እንዳለው፣ ዕድል ሊሆን ይችላል። እዚያ ቦታ የወደቀ ጥይት መርከብ የሚያጠፋ መሆኑ ግን ዕድል አይደለም። ጁትላንድ ላይ ሦስት ጊዜ ታይቷል። የእንግሊዞቹ ባሩድ ሲያያዝ ይፈነዳ ነበር። ሁድ በዚያው ባሩድ፣ በ20 ዓመት አሮጌ ንድፍ፣ አዲስ መርከብ ገጠመች። ቢስማርክ አገልግሎት ከጀመረች ዓመት አልሞላትም ነበር።

የድሮ_ባሕረኛ

መካኒኩ፣ የመሪውን ነገር አላውቅም ነበር። አስለቀስከኝ።

እኛ ስንሠለጥን መጀመሪያ የሚነገረን ስለ ጥይት መጋዘን በር ነው። አይከፈት፤ ከተከፈተም ወዲያው ይዘጋ። ጁትላንድ ላይ እንግሊዞች ቶሎ ቶሎ ለመተኮስ ብለው በሩን ከፍተው፣ ባሩዱን በየመንገዱ ደርድረው ነበር ተብለን ተምረናል። ያ ትምህርት በስንት ሰው ነፍስ እንደተገዛ ያኔ አልገባኝም።

አሁን ስለ ታሪክ ቦታዋ ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ሁድንና ቢስማርክን ሲያወራ የትልልቅ መድፍ ፍልሚያ አድርጎ ነው። ግን ከሁድ በኋላ የሆነውን እዩ። ፕሪንስ ኦቭ ዌልስ ቢስማርክን ሦስት ጊዜ መትታ ነበር። አንዱ ምት ነዳጅ አፈሰሰባት። በዚያ ምክንያት ወደ ፈረንሳይ ወደብ ለመሄድ ተገደደች። በመንገድ ላይ ሜይ 26 ምሽት አርክ ሮያል ከተባለች አውሮፕላን ተሸካሚ ስዎርድፊሽ አውሮፕላኖች ተነሱ። ባለ ሁለት ክንፍ፣ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ያኔም አሮጌ የሚባል አውሮፕላን ነው። አንዱ የጣለው ቶርፔዶ የቢስማርክን መሪ ሰበረው። ከዚያ በኋላ መርከቧ ክብ ከመዞር በቀር መሄድ አቃታት። በነጋታው እንግሊዞች ከብበው ጨረሷት። ከ2,200 ገደማ ሰው የዳነው 115 ገደማ ነው።

ያው ስዎርድፊሽ እኛ ባሕር ላይም ነበር። ኤፕሪል 1941፣ ምፅዋ ልትያዝ ቀናት ሲቀራት፣ የጣሊያን ዲስትሮየሮች ፖርት ሱዳንን ለመምታት ከምፅዋ ወጡ። ኢግል ከተባለች የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ የመጡ ስዎርድፊሾች ሳውሮና ማኒን የተባሉትን ሁለቱን አሰመጧቸው። የሌሎቹ ሠራተኞች ተስፋ ቆርጠው መርከቦቻቸውን ራሳቸው አሰመጡ። ምፅዋ ወደብ ውስጥም ጣሊያኖች መርከቦቻቸውን ሆን ብለው አስምጠው መግቢያውን ዘጉት። በ1942 ኤልስበርግ የሚባል አሜሪካዊ መኮንን መጥቶ ነው ማንሳት የጀመረው። እኔ ምፅዋ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ያንን ያወሩልን ነበር።

ዲሴምበር 10 ቀን 1941 ደግሞ ፕሪንስ ኦቭ ዌልስ ራሷና ሪፐልስ ማላያ ባሕር ላይ በጃፓን አውሮፕላን ሰመጡ። ሪፐልስ ከሁድ ጋር ዓለምን የዞረችው ናት። አንድም የጠላት መርከብ አላዩም። ከዚያ በ1945 የጃፓኗ ያማቶ፣ ከሁሉም የምትበልጠው፣ 3,000 ገደማ ሰው ይዛ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ጠፋች። ስለዚህ ሁድ የወደቀችው ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ብትታደስም፣ ጣራዋ ቢወፍርም፣ ቀጥሎ የሚመጣባት ከሰማይ ነበር። የናሆም አባት፣ ይሄን ለልጅህ ንገረው። እድሳቱ ባይዘገይ ኖሮ ያን ቀን ትተርፍ ይሆናል፤ ልጆቹም ይተርፉ ነበር። ቁም ነገሩ ለእኔ ልጆቹ ናቸው።

የናሆም_አባት

ጋሼ፣ የጻፉትን ለናሆም አነበብኩለት። ስለ ምፅዋ ሲሰማ ኮምፒውተሩን ዘጋና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። አማርኛው ደህና ነው፤ ግን «ስዎርድፊሽ እኛ ባሕር ላይ?» ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ወረቀቱን ከጂብራልታር ሊጀምር ወስኗል። አስተማሪዋ፣ ምስጋናው ለአንቺ ነው። «ዕድል ነው» ያለውን ግን አልተወም። መካኒኩ ባለው መንገድ ከፍሎ ሊጽፈው ነው።

አንድ ጥያቄ አለው፤ ለእርስዎ ነው። ደወሉ በሜይ 24 ቀን 2016፣ በ75ኛ ዓመቱ፣ ለሕዝብ ሲታይ ልዕልት አን ስምንት ጊዜ ደወለችው። ለምን ስምንት?

ደወሉ ላይ የተጻፈውንም ልንገርዎ። ከሷ በፊት ሁድ የሚባል ሌላ የጦር መርከብ ነበር፤ ደወሉ የዚያኛው ነው። ጠብቆ ያስቀመጠው አድሚራል ሆራስ ሁድ ነው። እሱ ጁትላንድ ላይ ኢንቪንሲብል ስትፈነዳ ሞተ። ባለቤቱ በ1918 አዲሷን ሁድ ወደ ውኃ አወረደች። ደወሉንም ለባሏ መታሰቢያ ለመርከቧ ሰጠች።

የድሮ_ባሕረኛ

የባሏን ደወል ለመርከቧ ሰጥታ፣ መርከቧም በባሏ ሞት ሄደች። እግዚአብሔር ያሳርፋቸው።

ስምንቱን ለናሆም እንዲህ በለው። መርከብ ላይ ዘብ የሚቆመው በአራት አራት ሰዓት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ደወል ይደወላል፤ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ እያለ ይጨምራል። አራት ሰዓቱ ሲሞላ ስምንት ይሆናል። ስምንት ሲደወል ተረኛው ይወርዳል፤ ሌላው ይተካዋል። ባሕረኛ ሲሞትም የሚደወልለት ስምንት ነው፤ ዘብህ አልቋል፣ ግባና እረፍ ማለት ነው።

ያኔ ያነሳኸው ፎቶ ካለህ ደወሉን አሳየኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ ትልቅ አድርገህ ላክልኝ።

የናሆም_አባት

አለኝ ጋሼ። ናሆም አጠገቡ ቆሞ ነው ያነሳሁት። ዛሬ ማታ ፈልጌ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።